በጓሮ የሚታደስ ፍሬን፦ ያልተመዘገበ ዕውቀትና ያልተለካ አደጋ

መንደርደሪያ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ወር ከሸኮ ወደ ቴፒ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የቤተሰቤ አሮጌ ላንድ ሮቨር ፍሬኑ እምቢ አለ። ከኋላ እሸት ቡና የሞሉ ስድስት ጆንያዎች ተጭነዋል፤ ከጎኔ አባቴ ተቀምጧል። ፔዳሉን ስረግጠው ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ወረደ። ደግሜ ረገጥኩት፤ ያው ነው። ወደ አንደኛ ማርሽ አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ መኪናውንም በመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ አስጠግቼ እያሻሸሁ አቆምኩት። የዚህ ዓይነት ላንድ ሮቨር የእጅ ፍሬን እንደ ብዙዎቹ መኪኖች በኋላ ጎማዎች ላይ ሳይሆን ከማርሽ ሳጥኑ ጀርባ ባለው ዘንግ ላይ የሚሠራና ከፍሬን ዘይቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ነው። ሁለታችንም በሕይወት የተረፍነው ከዚህ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለጀብዱ አይደለም። ይህ ጸሐፊ በሜካኒካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ፣ አሁንም በሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ላይ ያለ ተማሪ ነው። ከአደጋው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የፍሬን ዘይት ገንዳው ጎድሎ ሲያገኝ በአቅራቢያው ባሉ ሱቆች የፍሬን ዘይት በማጣቱ፣ ገንዳውን በሞተር ዘይት የሞላው ሰውም ራሱ ይህ ጸሐፊ ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩት ነገር በሳይንስ የተደገፈ መስሎኝ ነበር፦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ግፊትን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ለጊዜው ማንኛውም ዘይት ይበቃል። የፓስካልን ሕግ አውቅ ነበር። የፍሬኑ ጎማ ከምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት ሐሳብ የሚከተለው ነው። በሚዛን ቴፈሪ፣ በሸኮና በቴፒ አካባቢ የአሮጌ መኪኖች ፍሬን በአብዛኛው የሚታደሰው በጓሮ፣ በዛፍ ጥላና በመንገድ ዳር ነው። ይህ ሥራ እውነተኛ ዕውቀት አለው፤ እውነተኛ አደጋም አለው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ዕውቀቱን ስላልመዘገቡት፣ አደጋውንም ስላልለኩት፣ ሁለቱ ተደባልቀው ይኖራሉ። ሥራውን በደፈናው መከልከልም ሆነ በደፈናው ማወደስ ከዚህ አዙሪት አያወጣንም። የሚያወጣን መለካት ነው።

ስለምን በጓሮ?

ጥያቄው በቅድሚያ በኢኮኖሚ ዓይን መታየት አለበት። ሚዛን ቴፈሪ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ለአሮጌ መኪና የሚሆን መለዋወጫ በአብዛኛው የሚገኘው ጅማ ወይም አዲስ አበባ ነው፤ በዚያም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም። የቡና ገበሬ ደግሞ ገንዘብ የሚያገኘው በዓመት አንድ ወቅት ነው። ፍሬኑ የሚበላሸውም በዚያው የቡና ወቅት፣ መኪናው ያለ ዕረፍት በሚሠራበትና መንገዱ ገና ከክረምቱ ጭቃ ባልተላቀቀበት ጊዜ ነው። መኪናውን አቁሞ ሩቅ ወዳለ ጋራዥ መላክ ማለት ቡናው በጊዜ ሳይፈለፈል መቅረቱ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመኪኖቹ ዕድሜ ነው። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር ሲገቡ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ታክስ ይጣልባቸዋል። የአዋጁ ዓላማ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ማድረግ ነው፤ ዓላማውንም አልቃወምም። ነገር ግን ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና በዚህ አይጠፋም። እንዲያውም የሚተካው ነገር ስለሚወደድ በእጅ ያለው መኪና ይበልጥ ይጠበቃል፣ ይታደሳል፣ ይወረሳል። የእኛ ላንድ ሮቨር እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ከተሠራው ሦስተኛው ተከታታይ ነው፤ አራቱም ጎማዎቹ በታምቡር ፍሬን የሚቆሙ፣ ከዋናው ሲሊንደር የሚወጣው የዘይት መስመርም አንድ ብቻ የሆነ። አንድ ቦታ ከተበላሸ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። እንዲህ ያለ መኪና ከሌሎች ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ግን ከሌሎች ሁሉ ያነሰውን ነው።

ስለዚህ በጓሮ የሚደረግ የፍሬን እድሳት ከሥርዓቱ ያፈነገጠ ድርጊት ተደርጎ መታየት የለበትም። በአካባቢያችን ያለው ሥርዓት ራሱ እርሱ ነው።

ዕውቀቱ የት ተቀምጧል?

የሙያው ቃላት ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ግራሶ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። ቃላቱ የገቡት በትምህርት ቤት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው፣ ከእጅ ወደ እጅ እንጂ። ዛሬም ሙያው የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የፍሬን ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር፤ አጎቴ የሚያውቀው ፍሬን ደግሞ ጣሊያንኛ በቀላቀለ አማርኛ፣ ከረዳቱ ጋር ሲነጋገርም በሸኮኛ ነው። ሁለቱ ዕውቀቶች ስለ አንድ ዕቃ ቢናገሩም እርስ በርስ ተነጋግረው አያውቁም።

በጓሮ የሚሠራን ሥራ የሚንቅ አንባቢ ካለ የዘመናዊ ፍሬን ሸራ አመጣጥን ያስታውስ። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1897 ደርቢሸር ውስጥ ምርምሩን የጀመረው በቤቱ ጓሮ ባለች መጋዘን ነበር። መነሻ የሆነውም የጋሪ ነጂዎች በቁልቁለት ላይ ጋሪያቸውን ለመያዝ አሮጌ ጫማ በመንኮራኩሩ ፍሬን ላይ ሲያስሩ ማየቱ ነው። በኋላ በስሙ ፊደላት ቅይጥ ፌሮዶ የተባለው ኩባንያ የተወለደው ከዚህ ነው። የጋሪ ነጂዎቹ ዘዴ ወደ ኢንዱስትሪ ያደገው ፍሩድ ስላልናቀው ነው፤ እንዳለ ስላልተቀበለውም ነው። አየው፣ ሞከረው፣ ለካው፣ አሻሻለው። እኛ የጎደለን ይህ መካከለኛ እርምጃ ነው።

በጓሯችን የሆነው

የእናቴ ወንድም በቡና ጭነት መኪኖች ላይ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቷል። ከአደጋው ማግሥት መኪናው ተጎትቶ ጓሯችን ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የዘይት ገንዳውን ክዳን ከፍቶ ማሽተት ነበር። ቀጥሎ ጣቱን ነክሮ በአውራ ጣቱ አሻሸው። ከዚያም ዋናውን ሲሊንደር ፈትቶ ከውስጡ ያለውን ጎሚኒ አወጣና በሁለት ጣቱ ጨመቀው። እንደ እንጉዳይ ለስልሶ አብጦ ነበር።

«ይህ ጎሚኒ ሰክሯል፤ ምን አጠጣኸው?» አለኝ።

ነገርኩት። አልተቆጣኝም። «ማሽኑ ዘይት የሚባል ነገር ሁሉ አንድ ይመስለዋል ብለህ ነው?» ብሎ ዝም አለ። ለእኔ ግን ከቁጣ የከበደ ነበር።

በኋላ መጻሕፍቴን ሳገላብጥ የአጎቴ ምርመራ ነጥብ በነጥብ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። የተለመደው የፍሬን ዘይት ግላይኮል ከሚባል ቤተሰብ የሚሠራ ሲሆን የፍሬኑ ጎሚኒዎችም ለእርሱ ተስማሚ ከሆነ የጎማ ዓይነት ይሠራሉ። የሞተር ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ ነው፤ እነዚህ ጎሚኒዎች ይመጡታል፣ ያብጣሉ፣ ጥንካሬያቸውንም ያጣሉ። ያበጠው ጎሚኒ በዋናው ሲሊንደር ውስጥ ዘይቱ ወደ ገንዳው የሚመለስባትን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል። ቀዳዳዋ ስትደፈን አሽከርካሪው እግሩን ቢያነሣም ግፊቱ አይለቅም፤ የፍሬኑ ጫማ ታምቡሩን እየፋቀ ይጓዛል። ፍትጊያው ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ በዘይቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ ስለማይጸና ሲረገጥ ይጨመቃል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ የወረደው በዚህ ሰንሰለት ነው። አጎቴ የሰንሰለቱን የመጀመሪያ ቀለበት በአፍንጫውና በጣቱ አገኘው። እኔ ከሦስት ሳምንት በፊት ያንኑ ቀለበት በገዛ እጄ አስሬው ነበር።

እድሳቱ አሥራ ስድስት ቀን ወሰደ፤ አብዛኛው ጊዜ መለዋወጫ መጠበቂያ ነበር። የሞተር ዘይት የነካው ጎማ ሁሉ፣ ማለትም የዋናው ሲሊንደርና የአራቱ ጎማ ሲሊንደሮች ጎሚኒዎች፣ እንዲሁም ተጣጣፊዎቹ ቱቦዎች፣ አንድም ሳይቀር ተቀየረ። የብረት ቧንቧዎቹ በአልኮል፣ በኋላም በአዲስ የፍሬን ዘይት ታጠቡ። በዚህ ሥራ ላይ «ይህኛው ገና ደህና ነው» የሚባል ነገር እንደሌለ አጎቴ አጥብቆ አስገነዘበኝ፤ የቀረ አንድ ያበጠ ጎሚኒ ሙሉውን ሥራ ያፈርሳል። የፍሬኑ ጫማዎች ሲመለሱ የትኛው ሞላ ከየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ የሚያስታውሰው በሥዕል አልነበረም፤ ሁልጊዜ አንዱን ጎማ ብቻ ፈትቶ ሌላውን ሳይነካ እንደ ምሳሌ ያስቀምጣል። ቀላል ዘዴ ነው፤ በየትኛውም የማስተማሪያ መጽሐፌ ግን አላነበብኩትም።

በመጨረሻም ማስተካከያውን እያዞረ ጎማው እስኪያዝ ድረስ አጠበቀው፤ ከዚያ በነጻ እስኪዞር ድረስ ጥቂት ለቀቀው። አየር የማስወጣቱን ሥራ ከዋናው ሲሊንደር እጅግ ከሚርቀው ጎማ ጀመረ። ፔዳሉን የምረግጠው እኔ ነበርኩ፤ ልጅ ሳለሁም የሚሰጠኝ ሥራ ይኸው ነበር።

ዝናቡና ቁልቁለቱ

የአካባቢው ሁኔታ ለምርምር የሚጋብዝ ነው። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በአገራችን ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። ግላይኮል የሆነ የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ በገንዳው መተንፈሻና በተጣጣፊ ቱቦዎቹ በኩል ውሃ ቀስ በቀስ ይገባዋል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከክብደቱ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲይዝ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ብዙ የአምራች መመሪያዎች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። ይህ ምክር ለቴፒ እርጥበት ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው በቀላል መሣሪያ ሊመለስ የሚችል፣ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ የሚመጥን ጥያቄ ነው።

ቁልቁለቱንም በቁጥር እንየው። በመካከል ያለውን ወጣ ገባ ሳንቆጥር ቴፒ ከሚዛን ቴፈሪ 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ክብደቱ ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና 300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 5.9 ሜጋ ጁል ያህል ነው፤ ይህ ወደ 19 ሊትር ውሃ ከ25 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ግማሹን በማርሽ ያዝነው፣ ግማሹ በፍሬን ላይ ወደቀ እንበል። አራቱ ታምቡሮች በድምሩ 30 ኪሎ ግራም ብረት ናቸው ብለን ብንገምትና በመንገድ ላይ የሚበርደውን ለጊዜው ብንተው፣ የታምቡሮቹ ሙቀት በ210 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በተግባር ነፋሱ ስለሚያበርደው ቁጥሩ ያነሰ ይሆናል፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

በተጨማሪም 254 ሚሊ ሜትር የሆነ ታምቡር በዚህ ሙቀት ዲያሜትሩ ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የዲስክ ፍሬን ሲሞቅ ዲስኩ ወደ ሸራው ይቀርባል፤ የታምቡር ፍሬን ሲሞቅ ግን ታምቡሩ ከሸራው ይሸሻል። ስለዚህ ፔዳሉ ይረዝማል። የአካባቢው አሽከርካሪዎች «ፍሬኑ ሲሞቅ ይሰንፋል» የሚሉት ይህንኑ ነው። ከቁልቁለት በፊት ማርሽ ማውረድ የሚለው የአዛውንት ሾፌሮች ምክርም የዚህ ስሌት የቃል ቅጂ ነው።

ሦስቱ ያልተለኩ አደጋዎች

እስካሁን የጓሮውን ዕውቀት አሞግሻለሁ። አሁን ደግሞ ዕውቀቱ የማይደርስባቸውን ቦታዎች በግልጽ መናገር ይገባኛል።

የመጀመሪያው አቧራው ነው። ታምቡሩ ሲወልቅ ከውስጡ ጥቁር ግራጫ ብናኝ ይወጣል። አጎቴ እንደ ልማዱ በአፉ እፍ ሊለው ሲያጎነብስ አስቆምኩት። የአሮጌ መኪኖች ሸራ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ይዟል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የአስቤስቶስ ዓይነቶች በሙሉ ካንሰር እንደሚያመጡ በግልጽ አስቀምጧል። የጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር ያለው ሰው ደግሞ በአፉ ሳይሆን በኮምፕሬሰሩ ይነፋዋል፤ ይህ የባሰ ነው፤ ብናኙን ግቢውን ሁሉ ያለብሰዋል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ አለመንፋት፣ በሳሙና ውሃ ማርጠብ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥሮ ማስወገድ፣ የብርጭቆ ወረቀትንም በደረቁ አለመጠቀም። አጎቴ «ሠላሳ ዓመት ነፍቼዋለሁ» አለኝ። ያም ሆኖ ባልዲውን እንዲመጣለት አዘዘ። ከእርሱ ይልቅ ያሳሰበኝ ከጎኑ ተንበርክኮ ቡሎን የሚቀበለው የ15 ዓመት ረዳቱ ነው። የአስቤስቶስ በሽታ ራሱን የሚገልጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ልጁ ቢታመም ማንም ከዚህ ጓሮ ጋር አያያይዘውም።

ሁለተኛው የታምቡሩ ስፋት ነው። ሸራው አልቆ የሪቬቱ ራስ ብረት ሲነካ ታምቡሩን ቦይ ያወጣበታል፤ ያን ጊዜ ታምቡሩ ወደ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይላጫል። መላጨቱ ትክክል ነው፤ ጥያቄው እስከ የት ድረስ የሚለው ነው። ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ ሂሉክስ ፒክአፖች ላይ የኋላው ታምቡር መነሻ ስፋት 295 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚፈቀደው ከፍተኛ ወሰን 297 ነው። ከዚያ በኋላ ታምቡሩ ይሳሳል፤ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል፤ ጫማው ከታምቡሩ ክብ ጋር ስለማይገጥም በመካከሉ ብቻ ይነካል፤ የጎማው ሲሊንደር ፒስተኖችም ከልክ በላይ ይወጣሉ። የእኛን አራት ታምቡሮች ከዩኒቨርሲቲው ባመጣሁት ካሊፐር ለካኋቸው። ሦስቱ ከመነሻው 254 ሚሊ ሜትር ብዙም አልራቁም። አራተኛው ግን 256.8 ነበር፤ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ያለ ልኬት አልፎ ላጭቶታል። በዓይን ሲታይ ከአራቱ ሁሉ የሚያምረው፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው እርሱ ነበር። አጎቴም በጣቱ ዳስሶ «ይህኛው ንጹሕ ነው» ብሎ ነበር። ጣት ሸካራነትን ያውቃል፤ ሁለት ሚሊ ሜትርን ግን አያውቅም።

ሦስተኛው ዘይት የጠጣ ሸራ ነው። የጎማው ሲሊንደር ወይም የአክስሉ ዘይት መከላከያ ሲያፈስ ሸራው ይርሳል። በየመንገዱ ዳር የተለመደው መፍትሔ ቤንዚን አርከፍክፎ በእሳት ማቃጠል ነው። ላይ ላዩን ይደርቃል፤ ወደ ውስጥ የሰረገው ዘይት ግን በመጀመሪያው ቁልቁለት ሙቀት ተመልሶ ይወጣል። አንዱ ጎማ ሲይዝ ሌላው ስለማይዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ጠባብና ጭቃማ በሆነ መንገድ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

እነዚህ ሦስቱ የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አለ፦ ሁሉም በስሜት ሕዋሳት የማይታወቁ ናቸው። አስቤስቶስ አይሸትም፣ ሁለት ሚሊ ሜትር አይዳሰስም፣ የሰረገ ዘይትም አይታይም። የእጅ ዕውቀት በጣት፣ በጆሮና በአፍንጫ የሚደርስበት ወሰን አለው። ከዚያ ወዲያ መሣሪያ ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ ሚና የሚጀምረው እዚህ ነው።

የሚነሣው ተቃውሞ

«ፍሬን የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ፈቃድ ካለው ጋራዥ ውጭ እንዳይነካ በሕግ መከልከል ይገባል» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ክብደት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ የሚሞተውን ሰው ከ100,000 ሕዝብ 26.7 አድርጎ ገምቶታል። ከዚህ ውስጥ የፍሬን ብልሽት ድርሻ ምንም ያህል ይሁን፣ አንድም ሕይወት ቢሆን በቸልታ የሚታይ አይደለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002ም ተሽከርካሪ በየጊዜው እንዲመረመር የሚያስገድደው ለዚህ ነው።

ሆኖም ክልከላው በእኛ አካባቢ ምን ያመጣል? አማራጭ በሌለበት ቦታ የሚወጣ ክልከላ ሥራውን አያስቀርም፤ ይደብቀዋል። ዛሬ አጎቴ በአደባባይ ይሠራል፤ ስለዚህ ካሊፐር ይዤ አጠገቡ መቀመጥ እችላለሁ። ነገ በአጥር ውስጥ ተደብቆ ቢሠራ ማንም አይደርስበትም። በተጨማሪም የፈቃድ ወረቀት በራሱ ዋስትና አይሆንም፤ የእኔ የምህንድስና ዲግሪ የሞተር ዘይት ከመጨመር አላገደኝም። መጠየቅ ያለበት ሥራው የተሠራው የት ነው የሚለው ሳይሆን ተለክቷል ወይስ አልተለካም የሚለው ነው።

ከተቃራኒው ወገንም የሚመጣ ስሕተት አለ። በቅርብ ዓመታት አገር በቀል ዕውቀትን ማድነቅ የምርምር ጽሑፎች ልማድ ሆኗል። ማድነቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳይመረመር የሚደነቅ ዕውቀት የተከበረ አይደለም፤ እንደ ጌጥ የተሰቀለ ነው። አጎቴን የማከብረው ስለ ጎሚኒው ትክክል እንደነበረ፣ ስለ አራተኛው ታምቡር ግን እንደተሳሳተ በአንድነት ስናገር ነው። እርሱም ስለ እኔ የሚናገረው እንዲሁ ነው።

ምን ይደረግ?

የማቀርባቸው ሐሳቦች አራት ናቸው፤ አንዳቸውም ትልቅ በጀት አይጠይቁም።

አንደኛ፣ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው በሚጠቀሙባቸው ቃላት የተጻፈ፣ በሥዕል የተደገፈ አጭር የፍሬን እድሳት መመሪያ ይዘጋጅ። አዘጋጆቹ መምህራን ብቻ አይሁኑ፤ የጓሮ መካኒኮች ከመነሻው ይካተቱበት። የሸኮኛውን ክፍል የሚጽፉትም ቋንቋውን የሚናገሩ ሰዎች ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ ካሊፐር ለሌለው ሰው የሚሆን ቀላል መለኪያ ይሠራ። በአካባቢው በብዛት ለሚገኙ መኪኖች ርዝመቱ ከከፍተኛው የታምቡር ወሰን ጋር እኩል የሆነ የብረት ዘንግ በቶርኖ ማውጣት ይቻላል፤ ዘንጉ በታምቡሩ ወገብ ላይ በነጻ ከገባ ታምቡሩ ይጣላል፣ ካልገባ ያገለግላል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይጠቀምበታል። ይህ ለአንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚበቃ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ የምርምር ርእሶቻችን ወደ ደጃችን ይመለሱ። በእርጥብ አካባቢ ያለ የፍሬን ዘይት በስንት ወር ምን ያህል ውሃ ይስባል? በገበያችን በተለያየ ስም የሚሸጡ ሸራዎች በሙቀት ሲፈተኑ ምን ያህል ይለያያሉ? በጓሮ በታደሱ መኪኖችና በጋራዥ በታደሱት መካከል የሚለካ ልዩነት አለ? የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ የእኔን አቋም የሚያፈርስ ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን ከግምት ይሻላል።

አራተኛ፣ የሙያ ብቃት ምዘና ለእነዚህ ባለሙያዎች በሥራ ቦታቸው ይሰጥ። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አዳዲስ ተቋማቱን እየገነባ ባለበት ጊዜ ይህን ከመነሻው ማካተት ቀላል ነው። የአጎቴ ዕድሜ ያለው ሰው እንደ ተማሪ በወንበር ተቀምጦ የጽሑፍ ፈተና አይፈተንም። አንድ ታምቡር ፊቱ ቢቀመጥለት ግን ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል።

መደምደሚያ

አራተኛው ታምቡር አሁን በጓሯችን ለዶሮዎች የውሃ መጠጫ ሆኗል። በምትኩ ከጅማ ያገለገለ ሌላ ታምቡር መጣ፤ አጎቴ ዋጋውን ከመክፈሉ በፊት ስልክ ደውሎ «ስንት ይሁን ነበር ያልከው?» ሲል ቁጥሩን ጠየቀኝ። ሻጩ ካሊፐር አልነበረውም። በዚያው ቀን በአቅራቢያው ካለ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስለካው፤ 254.7 ሆኖ ሲያገኘው ገዛው።

እኔም ከዚያ ወዲህ በማላውቀው ገንዳ ውስጥ የማላውቀውን ዘይት አልጨምርም። አባቴ ግን አሁንም ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ እጁን የእጅ ፍሬኑ ላይ ያደርጋል። ይህን ልማድ ተው ልለው አልደፍርም፤ ያቆመን እርሱ ነበርና።